ከ41 ዓመት ትዳር በኋላ ልንቆርብ ነው፤ ስኳሬ፣ ጉልበቴና 18ቱ ሰዓት

የሽሮ ሜዳዋ (አዲስ አበባ) · መስከረም 14

ሰላም ለዚህ ቤት። እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ብዙ ጊዜ የሌሎችን አንብቤ ዝም ነው የምለው፤ ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝ።

ዕድሜዬ 64 ነው፣ ባለቤቴ 71 ሞልቶታል። በሰማንያ ከተጋባን 41 ዓመታችን። አራት ልጆች አሳድገናል። አንዷ ዱባይ ናት፤ የእሷን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው። ስኳር ካለብኝ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ ደም ግፊትም አለ። ከጡረታ ወዲህ ኪሎዬ 88 ደርሷል። ቀኝ ጉልበቴ ስነሣም ስቀመጥም ይጮኻል።

እስካለፈው ፍልሰታ ድረስ ይህን ሁሉ የዕድሜ ነገር ነው ብዬ ትቼው ነበር። በፍልሰታ ልጅቷን ላቆርብ ይዣት ሄድኩ። ወደ ቅድስት የሚያስገባው በር ላይ ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለ። አቅፌያት አንደኛውን ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ። ከኋላዬ ልጆቻቸውን ያቀፉ እናቶች ተሰልፈዋል፤ ወደ ፊት አልል፣ ወደ ኋላ አልመለስ። አንዲት የማላውቃት ልጅ እግር «እማማ፣ ለኔ ይስጡኝ» ብላ ተቀበለችኝ። እኔ ደረጃው ሥር ቀረሁ። ልጅቷ ቆርባ አፏን በነጠላ ተሸፍና በሰው እቅፍ ስትመጣ አየኋት።

ወደ ቤት ስመለስ ያሳሰበኝ ጉልበቴ ብቻ አልነበረም። እኔ ራሴ ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብኩት አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲያ «ስናረጅ እንቆርባለን» እንደተባባልን ዘመኑ ሄደ። ይኸው አረጀን። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ምንም አላለኝም፤ በነጋታው ግን ለንስሐ አባታችን የደወለው እሱ ነው።

አባ መጡ፣ ንስሐ ገባን፣ ቀኖናችንን ተቀበልን። «ለጥር እናድርገው፤ እስከዚያ ሐኪምሽን አማክሪ፣ ሰውነትሽንም አበርቺ» አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጾም የሚለውን ቃል ገና ሳነሣ «እርስዎ መጾም የለብዎትም» ተባልኩና የመድኃኒቱ ወረቀት ተጽፎ ተሰጠኝ። ቀና ብሎም ያየኝ የለም። ለቁርባን ደግሞ 18 ሰዓት ከእህል ከውሃ መከልከል አለ።

ስኳር ያለባችሁ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትቆርቡት? ጉልበታችሁን የታመማችሁስ ስግደቱን እንዴት ያዛችሁት?

---

ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) · መስከረም 14

እትዬ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። አረጋውያን ዘንድ ስሠራ 19 ዓመቴ ነው፤ በደብራችንም ጾም በገባ ቁጥር የእናቶችን ስኳርና ግፊት እለካለሁ። ጥያቄዎን በየጾሙ እሰማዋለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚውጡት የስኳር ኪኒን ስሙ ማን ነው? ፓኬቱን አውጥተው ከነሚሊግራሙ ይጻፉልኝ። ስኳር ያለበት ሁሉ ይጹም ብሎ ነገር የለም፤ ስኳር ያለበት ሁሉ አይጹምም እንደዚያው። ሌላ ደግሞ፣ ጾም ላይ ሳሉ ዓይንዎ ጨልሞብዎት ወይም ወድቀው ያውቃሉ?

---

የሽሮ ሜዳዋ · መስከረም 15

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ፓኬቶቹ ይኸው፦ ሜትፎርሚን 500፣ ጠዋትና ማታ። ግሊበንክላሚድ 5፣ ጠዋትና ማታ። ለግፊት ደግሞ ሽንት የምታበዛ አንዲት ትንሽ ኪኒን።

መውደቅ ላልሽው፣ አዎ። ያለፈው ዓመት ነነዌ ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ቡና እየቆላሁ ሳለ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ጎረቤቶች የቡና ሽታ ነው አሉ፤ ሌላው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ማር በጣታቸው አልሰውኝ ነቃሁ።

---

ነርስ ነኝ · መስከረም 15

እትዬ፣ ያ ስኳርዎ ወርዶ ነው። ማሩ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አንጻጻፍም ነበር።

ግሊበንክላሚድ የሚሠራው ቆሽትን እያስገደደ ነው፤ ኢንሱሊን አውጣ ይለዋል። ሰው በላም አልበላም ማስገደዱን አይተውም። ጠዋት ውጠውት እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙ ሆድዎ ውስጥ እህል የለም፣ ኢንሱሊኑ ግን ይፈስሳል። ሰውነት ውስጥም ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ብዙ ሐኪሞች የማይመርጡት ለዚህ ነው። ሜትፎርሚን ግን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም።

ስለዚህ ተመልሰው ሲሄዱ «ልጹም ወይ?» ብለው አይጠይቁ። እንዲህ ይበሉ፦ «ባለፈው ነነዌ ወድቄያለሁ። ስጾም ስኳሬን የማይጥል መድኃኒት ሊቀየርልኝ ይችላል? በጾም ቀን ስንት ሰዓት ልውሰደው?» የግፊቱንም ያንሡ፤ ውሃ በማይጠጡበት ቀን ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ሰውነትን ያደርቃል። የመጀመሪያው ሐኪም ካልሰማዎት ሌላ ይፈልጉ። በራስዎ ግን አንዲት ኪኒን እንዳያቆሙ።

የቤት መለኪያ ይግዙ። ሰው ሁሉ ጠዋት ብቻ ለክቶ ይተዋል፤ የሚጾም ሰው ግን ከቀትር በኋላም ነው መለካት ያለበት፣ የሚወርደው ያኔ ነዋ። ከ70 በታች ካነበበ ጾሙ በዚያች ደቂቃ አበቃ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ይህን አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ያን ሰዓት ሲደርስ ከኅሊናዎ ጋር ሙግት እንዳይገጥሙ።

ሌላው እግርዎ ነው። ጣቶችዎን ያደነዝዝዎታል? ከሆነ ከስኳሩ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቫይታሚን ቢ 12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት አይገኝም፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ሰውነት ቢ 12ን የሚቀበልበትን አቅም ይቀንሳል። በዓመት ውስጥ ከግማሽ ያላነሰውን ቀን በጾም ለምናሳልፍ ሰዎች ሁለቱ ሲደራረቡ ነርቭ ይጎዳል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌም በኪኒንም ይተካል። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀው ሲገቡ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ። ማታ ማታ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይዩ።

---

የሽሮ ሜዳዋ · መስከረም 15

እግሬ ላልሽው፣ በፍልሰታ ግቢው ድንጋይ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ውስጥ እግሬ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እኔ ያየሁት በሦስተኛው ቀን፣ ካልሲዬ ርሶ ነው። አልተሰማኝም ነበር። አሁን ገባኝ።

---

ጡረተኛው መምህር (ጎንደር) · መስከረም 17

እኅቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ 73 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ አቋቋም ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ወሰደኝ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመትም ሒሳብ አስተማርኩ። የጉልበቱን ነገር ለኔ ተዪልኝ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ሁለት ዓመት ከቤቴ አልወጣሁም ብል ይቀላል። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጄ ስምንት መቶ እርምጃ አይሞላም። ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል ትርጉሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። አንድ እሑድ ግን ቃሉ ለኔ ብቻ የተነገረ መሰለኝ። በጌታ ፊት ቁም የሚባለው ሰው፣ እኔ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ልነሣ ብል ደግሞ እግሬ ቀልጧል። ኀዘኑ ሲጀመር ልቤ ነበር የተቀመጠው፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሰውነቴም ተከትሎት ተቀምጦ አገኘሁት።

የጀመርኩት ወንበር ላይ ነው። ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ቻልኩ። በሳምንቱ አምስት፣ በወሩ አሥር። እያንዳንዱ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። አሁን 41 ጊዜ የሚባለውን በሦስት ከፍዬ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አደርሰዋለሁ። የጭን ሥጋ ሲበረታ የጉልበት ሸክም ይቀልላል፤ ይህን የነገረኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ደረጃ ስትወጪ በደህናው እግር ጀምሪ፣ ስትወርጂ በታመመው።

ስለ ስግደት ሥርዓታችን ብዙ ርኅራኄ አለው። ሙሉው ሰጊድ አለ፣ ግንባር መሬት የሚነካበት። አስተብርኮ አለ፣ መንበርከክ ነው። አድንኖ አለ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ። ዲያቆኑ «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲል ራስሽን ዝቅ ካደረግሽ ሰግደሻል። የቱ እንደሚገባሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። መቋሚያም ያዢ። ብዙ ሰው የካህናትና የደብተራ ብቻ ይመስለዋል፤ ለምእመኑም ይሠራል። ክብደትሽን ግማሹን ወደሱ አሳልፊ፣ እግርሽን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አሳርፊ። ሲደክምሽ ተቀመጪ። «የተቀመጣችሁ ተነሡ» የሚለው እኮ የተቀመጡ ሰዎች መኖራቸውን ስለሚያውቅ ነው።

የረቡዕ ዳዊት ላይ፣ 70ኛው መዝሙር፣ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ይላል። ዳዊት ጉልበቱን በስም ጠርቶ ነው የለመነ። እኛ ግን ለነፍሳችን ብቻ መለመን ይገባል ብለን ጉልበታችንን ከጸሎት አውጥተነዋል።

---

የኪዳነ ምሕረት ልጅ (ደብረ ብርሃን) · መስከረም 18

እማማ፣ አይቀየሙኝ። ይህ ሁሉ መድኃኒት፣ ይህ ሁሉ መለኪያ ለምን አስፈለገ? እኔ የስኳር ኪኒኔን ጥዬ ሁለት ሱባኤ ጸበል ገብቼ ዛሬ ደህና ነኝ። እምነት ካለ ሙሉ ይሁን። ግማሹን ለሐኪም ግማሹን ለእግዚአብሔር ማድረግ ልብን ይከፍላል።

---

የደሴው · መስከረም 18

እኅቴ፣ ድነሽ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደስታሽ ደስታዬ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ታላቅ ወንድሜም ኢንሱሊኑን ቤት ትቶ ጸበል ገባ። እግሩ ላይ የምስማር ራስ የምታክል ቁስል ነበረችው። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልን። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ጸበሉን አልወቅስም፤ ዛሬም ከኔ ጋር እየሄደ ይጠመቃል፣ በክራንች። መድኃኒቱን ተው ያለው ካህን አልነበረም፤ አብረነው ያለነው ቤተሰቦቹ ነን «በእምነት ሂድ» ያልነው።

በ1999 ዓ.ም. የእንጦጦ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ሲነሣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ያኔ ብዙ ሰው ኪኒኑን በጸበሉ እየዋጠ ተረፈ። ልብ የሚከፈለው ሁለቱን ስናጣላ ነው እንጂ አብረን ስንቀበል አይደለም።

---

ነርስ ነኝ · መስከረም 18

የደሴው ወንድሜ፣ ታላቅ ወንድምህን እግዚአብሔር ያበርታልኝ።

የኪዳነ ምሕረት ልጅ፣ እባክሽን በዚህ ሳምንት ደምሽን ተለኪ። የሦስት ወር ያህሉን የሚያሳይ «ኤ ዋን ሲ» የሚባል ምርመራ አለ፣ እሱን ጠይቂ። ስኳር ከፍ ብሎም ለወራት ሳያም ሊቆይ ይችላል። ደህና ከሆንሽ ወረቀቱን ይዘሽ ምስጋና ታስገቢበታለሽ።

---

ከሐይቁ ዳር (ሐዋሳ) · መስከረም 20

ወገኖቼ፣ እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፤ የቁርባኑ ሥርዓት የኛ ስላልሆነ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ግን የእኅታችን የደረጃው ታሪክ ስላስለቀሰኝ ነው የጻፍኩት።

እኛ ስድስት ሴቶች ነን፣ ትንሿ 58 ትልቋ 77። በሳምንት አምስት ቀን ማለዳ ሐይቁ ዳር 30 ደቂቃ እንራመዳለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል፣ ለኛ ዕድሜ ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አጥሩን ይዘን በአንድ እግር እንቆማለን። አካሄዳችን ጸሎት ነው፤ በእያንዳንዱ ቀን የአንዷን ቤት ይዘን እንለምናለን። ኢሳይያስ 40 ላይ «ይሮጣሉ፥ አይታክቱም፤ ይሄዳሉ፥ አይደክሙም» የሚለው ሁልጊዜ ስለ ወጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን መሄዱም በተስፋው ውስጥ እንዳለበት አየሁ። ብቻዎን አይራመዱ፣ እትዬ። ብቻውን የጀመረ በዝናብ ቀን ይተወዋል።

---

ዲያቆኑ (ባሕር ዳር) · መስከረም 21

እማማ፣ ስለ ሰዓቱ ልርዳዎ። እሑድ ጠዋት የምትቆርቡት 3 ሰዓት ገደማ ከሆነ፣ 18 ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጠር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ምሳዎን ዘግየት አድርገው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቢበሉ አብዛኛው ጾም በእንቅልፍና በሌሊት ያልፋል። በቀን የሚጾም 18 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ በጣም ይከብድ ነበር።

ሕመም ላለበት ሰው ምን እንደሚደረግ የሚወስኑት የንስሐ አባትዎ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ፍትሐ ነገሥቱ በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲያዝ ሕመምተኛን አያስገድድም፤ ይህን አባም ያውቁታል። ሳይሸሽጉ ንገሯቸው። ብዙ አረጋውያን ስኳር እንዳለባቸው ከካህኑ ይደብቃሉ፣ መጾማቸውን ደግሞ ከሐኪሙ ይደብቃሉ። ሁለቱም ግማሽ ሰው ነው የሚያዩት።

---

የሽሮ ሜዳዋ · ኅዳር 9

ልጆቼ፣ ወንድሜ መምህር፣ ጠፋሁ አይደል? እየሠራሁ ነበር።

ሌላ ሐኪም አገኘሁ። ነርሷ እንዳለችው ከነነዌው ጀመርኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የሰማችኝ። ግሊበንክላሚዱን አስቆመችኝ፣ የሜትፎርሚኑን መጠን አስተካከለች፣ የግፊቱን ኪኒን በሌላ ለወጠች። ቢ 12 ተመረመርኩ፣ አንሶ ተገኘ፣ መርፌውን ጀምሬያለሁ። ጣቶቼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትንሽ መቆጥቆጥ ጀመሩ፤ መቆጥቆጡ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላውቅም ነበር።

ስለ ምግቡ ብዙ አላወራም። እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ፣ ጎመኑንና ምስሩን አበዛሁ። ሻይዬ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የማደርገው፣ አሁን ምንም። ጾም ነው ብዬ ጠዋት ሳልበላ እውልና 9 ሰዓት ሲሞላ ሁለት እንጀራ ከዳቦና ከለስላሳ ጋር ነበር የምሠራው። ሆዴን ለሰዓቱ አስጠብቄ ሰዓቱ ሲደርስ ለቀቅኩት እንጂ ጾምኩ ልበል አልችልም። ይህንን ለአባም ነግሬያቸዋለሁ።

ጉልበቴን በተመለከተ፣ የመምህሩን ወንበር ይዣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ነው የተነሣሁት፣ ሦስተኛውን ባለቤቴ በእጁ ሳበኝ። አሁን አሥራ አንድ እነሣለሁ። እሱም ከጎኔ ወንበር ስቦ ይነሣል ይቀመጣል፤ ልጅቷ መሐላችን ቆማ «እግዚኦ» እያለች ትቆጥራለች፣ ከስድስት በኋላ ወደ አሥር ነው የምትዘለው። ማለዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን አስፋልት እንይዛለን። እነዚያ ሯጮች ልጆች ሽቅብ እንደ ነፋስ ያልፉናል፤ አንዳንዱ «አይዞን እማማ» ይለኛል። መጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ እንጨት ጋ ነበር የቆምኩት። ዛሬ ዘጠነኛው ደርሻለሁ። ኪሎዬ 84 ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ስለካ ጣቴን እወጋለሁ፣ ደም ይወጣል። በቁርባን ቀን ይህስ እንዴት ይሆናል?

---

ዲያቆኑ · ኅዳር 9

መጠየቅዎ መልካም ነው፣ እማማ። አባን ይጠይቁ፤ እሳቸው ያሏችሁን ይያዙ።

---

ልጅ በሪያድ · ኅዳር 11

እማማ፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ቅዳሴ የምሰማው በስልክ ነው፣ አሠሪዎቼ ሲተኙ። አባቴ 68 ነው፣ ወልዲያ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አይወጣም፣ አይጸልይም፣ የግፊት መድኃኒቱንም አንድ ቀን ይውጣል አንድ ቀን ይተዋል። እኔ ብር ነው የምልክለት። ሌላ ምን ላድርግ?

---

ጡረተኛው መምህር · ኅዳር 11

ልጄ፣ እኔ አባትሽን ነበርኩ። ልጆቼ ደውለው «አባዬ መድኃኒትህን ዋጥክ?» ሲሉኝ «አዎ» እላቸዋለሁ፤ ሐሰት ነበር። የቀሰቀሰኝ ሥራ ሲሰጠኝ ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ዳዊት ንባብ የሚያስጠናቸው አጡ፣ እኔ ደግሞ ፊደሉን አውቀዋለሁ። አባትሽ የሚያውቀው፣ ሌላ ሰው የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? እሱን ፈልጊና አንድ ሰው ሄዶ ይለምነው። አንቺ እንዳዘዝሽው አይወቅ።

---

የሽሮ ሜዳዋ · ኅዳር 12

ልጄ፣ የኔዋ ዱባይ ያለችው ማለዳ ስንራመድ ትደውልልናለች። እሷ ሥራ ከመግባቷ በፊት አሥር ደቂቃ ነው። «እማ የት ደረሽ?» ትለኛለች፤ «ሰባተኛው እንጨት» እላታለሁ። ካልተራመድኩ የምነግራት የለኝም፣ ስለዚህ እራመዳለሁ። ለአባትሽም ሲደወልለት ሰዓቱን ለይተሽ፣ ውጭ ሆኖ እንዲያነሣው አድርጊ። ኤልያስ በዚያች ዛፍ ሥር ልሙት ብሎ ሲተኛ መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። እንጎቻና ውሃ አምጥቶ «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው፣ ሁለት ጊዜ። መንገዱ ሩቅ ነውና።

---

የሽሮ ሜዳዋ · ጥር 20

ትናንት ቆረብን።

እንዴት እንደሆነ የጠየቃችሁ ስላላችሁ ልጻፈው። ቅዳሜ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ እንጀራ በምስርና በጎመን በላሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ፣ ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ መድኃኒቴን ከምግቡ ጋር ወሰድኩ፣ የማታውን ዘለልኩ። ለአባ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ ከ70 ከወረደ ስኳር በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ለሌላ እሑድ እንቀጥራለን። «ሌላ እሑድ አለ፤ ቁርባኑ የትም አይሄድም» አሉኝ። ስለ ጣቴም «እቤትሽ ለክተሽ፣ ታጥበሽ ነዪ» ብለውኛል። ማታ 4 ሰዓት 128፣ ሌሊት 9 ሰዓት 109፣ ከቤት ስንወጣ 101።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ የሠርጋችንን ቀን አነሣ፤ ዝናብ እንደነበረ፣ የኔ ጫማ ጭቃ ውስጥ እንደቀረ። ረስቼው ነበር።

ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ይዤ ቆምኩ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲባል ከመምህሩ ጋር ሆኜ ተነሣሁ፤ ወንድሜ፣ አንተን አስቤ ነው። ከዚያ ደረጃው። ልጅቷ ራሷ እየሄደች፣ እጄን ይዛ። በግራው ጀመርኩ። አንድ። ቀኙን አስከተልኩ። ሁለት። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቆምኩ፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ክርኔን ነካ አደረገኝ፣ ግን አልሳበኝም። ሦስት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም።

ጸበል ጠጥተን፣ ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን በቀስታ ወደ ቤት መጣን። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ለካሁ፤ 94። የገብስ ገንፎ በላሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ አልሮጥም አለች፣ «ቆርቤያለሁ» እያለች።

---

ነርስ ነኝ · ጥር 20

እትዬ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገብቼ አለቀስኩ። እንኳን ደስ አላችሁ። ነነዌ እየመጣ ነው፤ ሐኪሟን አስቀድመው ይዩ።

---

ልጅ በሪያድ · ጥር 21

እንኳን ደስ አላችሁ እማማ። አባቴ ከገና ወዲህ የሰፈሩን እድር መዝገብ እየጻፈ ነው፤ ጎረቤቱ ለምኖት ነው። ትናንት ስደውል ደጅ ነበር ያነሣው።

---

የሽሮ ሜዳዋ · ጥር 21

እልልልል። ሰላም በይልኝ።

ለነነዌ ቀጠሮዬን ይዣለሁ፣ ሐሙስ ነው። ከዚህ ክር አንብበው የጻፉልኝ ሦስት የሽሮ ሜዳና የጉለሌ እናቶች ነበሩ፦ ከነገ ወዲያ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከታክሲ ተራው እንነሣለን። ጋቢ ደርቡ፣ ብርድ ነው። መለኪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ከረሜላም በኪሳችሁ። ዘጠነኛው እንጨት ጋ አርፈን እንመለሳለን።